የጠፋ ልጅ የምትጠራው ዴርና

ማሪና ዲ ፎሶ በምትባለው የጣሊያን የባሕር ዳር ከተማ በበጋ ልጅ ሳይጠፋ የሚውልበት ቀን የለም። አሸዋው ረጅም ነው፤ የተደረደሩት ጥላዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልጅ ደግሞ ልጅ ነው። የጀላቲ ሻጩን ደወል ይከተላል፣ የእንጨት ፈረሶቹ ሲሽከረከሩ አፉን ከፍቶ ይቆማል፣ ዞር ሲል እናቱ የለችም። እንዲህ ያለውን ልጅ እያለቀሰ ያገኘው ሰው ሁሉ እጁን ይዞ የሚወስደው አንድ ቦታ ነበር፤ ዴርና ዘንድ።

ዴርና የዓሣ ነጋዴ ልጅ ናት። በልጅነቷ ከአባቷ ጋሪ ኋላ እየሄደች "ሰርዲን! የዛሬ ሰርዲን!" ብላ ስትጣራ ድምጿ ወደ ባሕሩ ከሚፈስሰው ቦይ ማዶ ይሰማ ነበር ይባልላታል። ሲኞር ቱሊዮ የሚሉት ሰው ከባሕሩ ዳር ዳር ምሰሶ ተክሎ፣ በየምሰሶው ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ፣ ከቦዩ አፍ እስከ ጥዱ ጫካ ድረስ ማስታወቂያ ማሰማት ሲጀምር፣ ንግግራቸው የተቀባባ የከተማ ልጃገረዶችን ትቶ እሷን ቀጠረ። "እነሱ ያነባሉ፤ አንቺ ግን ትጣሪያለሽ" አላት። ከዚያ ወዲያ በጋ በመጣ ቁጥር አሸዋው መካከል ባለችው ነጭ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ማይክሮፎኗን ይዛ ትቀመጣለች። ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ነገር ትናገራለች። አደባባዩ ላይ የአሻንጉሊት ትርኢት አለ፣ ጀልባዋ እንግዶችን ይዛ ወጥታ የተጠበሰ ዓሣ አብልታ ትመልሳለች፣ ልጆች የአሸዋ ግንብ ሠርተው ይወዳደራሉ፣ ሲመሽ ጥዱ ሥር ለሽማግሌዎች ዳንስ ይኖራል። የቀረው የቀኑ ሰዓት የጠፉ ልጆች ነው። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ አታውቅም፤ ግን "አንድ ልጅ ወላጆቹን እየጠበቀ ነው" የምትለውን ዓረፍተ ነገር በሁለቱም ቋንቋ እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛለች።

ልጅ ሲያለቅስ ስሙን አይናገርም። ዴርና ይህን ስለምታውቅ ስም አትጠይቅም። ኮክ ልጣ ታበላዋለች፤ ቤታችሁ ድመት አለ ወይ፣ እናትህ ምን ትሠራልሃለች እያለች ታጫውተዋለች። ስሙ እንደ ዘበት ሳይታወቀው ከአፉ ይወጣል። ከዚያ በድምፅ ማጉያው ትጠራለች፤ ጥቂት ቆይቶ አንዲት እናት ፊቷ አመድ መስሎ እየሮጠች ትደርሳለች። ከተማው የሚኖረው በእነዚህ ቤተሰቦች ነውና ሲኞር ቱሊዮ "ማሪና ዲ ፎሶ ላይ ልጅ ይጠፋል እንጂ ጠፍቶ አይቀርም" የሚል ጽሑፍ አሳትሞ በየአልቤርጎው ግድግዳ ለጠፈው። ዴርና ያንን ጽሑፍ ባየች ቁጥር ደረቷ ይነፋ ነበር።

ነገሩ የሆነው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በፍልሰታ ሰሞን ነው፤ አሸዋው ሰው ብቻ የሚሆንበት ሰሞን። ሀብሐብ የምትሸጥ አንዲት ሴት አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አምጥታ "ይኼ ደግሞ ከአሻንጉሊቶቹ ጋር ሊሄድ ነበር" ብላ አስረክባት ሄደች። ነጭ ኮፍያ አድርጓል፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። አያለቅስም። ኮኩን ተቀብሎ በጥንቃቄ፣ እንደ ትልቅ ሰው ይበላል።

ዴርና ስለ ውሻ ጠየቀችው። ነበረን፣ እዚያኛው ቤት ቀረ አላት። ውሻው ቢርባ ይባላል፤ ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ሳቀ። ከዚያ እሷ ሳትጠይቀው "እማዬ ስምህን ሲጠይቁህ ቲኖ ነኝ በል ብላኛለች" አለ።

"እና ቲኖ አይደለህም እንዴ?"

አይደለሁም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

"በል እውነተኛውን በጆሮዬ ንገረኝ፣ የኔ ጌታ። ለማንም አልናገርም።"

ልጁ ትንፋሹ እያሞቃት ሹክ አላት። ፋውስቶ ባሌስትራ።

ዴርና የልጆች ጨዋታ መሰላት። ቲኖ የቤት ስሙ ይሆናል አለች። ቁልፉን ተጭና፣ በዚያ ቦዩን በሚሻገር ድምጿ፣ ፋውስቶ ባሌስትራ የሚባል የአምስት ዓመት ልጅ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ነጯ ጎጆ ውስጥ እናቱን እየጠበቀ ነው ብላ ሁለት ጊዜ ጠራች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው መጣ። አሸዋው ላይ ጫማ ተጫምቶ፣ ኮቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጸጉሩን አበጥሮ። ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሳ። "የልጁ አባት ነኝ፣ ሲኞራ። አስቸገርናችሁ" አላት። አነጋገሩ ጨዋ ነው። ዴርና ዞር ብላ ልጁን አየችው። ልጁ ኮኩን አስቀምጦ ተነሥቷል። እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቁምጣው ከፊት ለፊቱ እየረጠበ ነበር። ሰውየው እጁን ሲዘረጋ ልጁ የራሱን እጅ ሰጠው። 

የጠፋ ልጅ ሁሉ ቁጣ ይፈራል አለች ዴርና በሆዷ። ስንቱን አይታለች፤ በጥፊ የሚቀበሉትም አሉ። "አይቆጡት እባክዎ፣ ጨዋ ልጅ ነው" አለችው። ሰውየው ፈገግ አለ። ጥላዎቹን አልፈው፣ በጀላቲ ቤቱ በኩል ታጥፈው እስኪሄዱ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ልጁ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ሌላ ልጅ አመጡላት፣ የምታለቅስ የባቫሪያ ልጅ፤ ረሳችው።

የልጁ እናት ፒየሪና በዚያ ሰዓት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው አልቤርጎ ጣሪያ ላይ አንሶላ እያሰጣች ነበር። በጸደይ ከተራራው አገር የመጣች ቀጭን ሴት ናት፤ በአልጋ አንጣፊነት ተቀጥራ ልጇን ከወጥ ቤት ሠራተኛዋ ልጅ ጋር ታውላለች። ከየት መጣሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም፤ በጋ ሲሆን እዚያ ከተማ የሚሠራው ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ከአገሯ የመጣ እንግዳ አልቤርጎው በር ላይ አይቷት ኖሯል። እሷ አላየችውም። እንግዳው አገሩ ተመልሶ ለባሏ የነገረው የከተማውን ስም ብቻ ነበርና፣ ባልየው ከጥላ ጥላ እየዞረ ሲፈልግ ነው የልጁን ስም ከሰማይ የሰማው። እሷም ሰማችው። አንሶላውን እንደያዘች ወረደች።

ጎጆዋ ዘንድ ስትደርስ ሽርጧ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

"የታለ?"

"ማን?"

"አሁን የጠራሽው።"

"አባቱ ወሰደው" አለች ዴርና፣ እንደ ወትሮው ምሥራች እንደሚናገር ሰው።

ፒየሪና የጎጆዋን በር ይዛ ቁልቁል ወረደች፤ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ተነሥታ ወደ ጣቢያው ሮጠች። ሰውየው ግን የመጣው በመኪና ነበር። የውሃ ሽታ ሆኑ።

ማታ ካራቢኜሪ በሚባሉት ፖሊሶች ቢሮ ውስጥ አለቃቸው ማሬሻሎው፣ ላብ በላብ የሆነ ወፍራም ሰው፣ ሁለቱንም ጠየቃቸው። መፋታት በሕግ ያልተፈቀደበት፣ በልጅ ላይ ያለው ሥልጣን ሁሉ የአባት የሆነበት ዘመን ነው። "አባት ልጁን ወሰደ ብዬ ማንን ልክሰስ?" አላት ፒየሪናን። "ይልቅስ የባልሽን ቤት ጥለሽ ለምን እንደወጣሽ ብትነግሪኝ ይሻልሻል።" ፒየሪና የግራ እጇን አሳየችው፤ ሁለት ጣቷ ተሰብሮ ጠሞ የገጠመ ነው። ማሬሻሎው አየውና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ከዚያ ዴርናን፣ ልጁ ሲሄድ አልቅሷል ወይ፣ ታግሏል ወይ ብሎ ጠየቃት።

ዴርና ፒየሪናን አየቻት። ፈርቶ ነበር ብትል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታወቃት። ታዲያ ለምን ሰጠሽው?

"ደስ ብሎት ነው የሄደው" አለች። "አባቱን ሲያይ ሮጦ አቀፈው።"

በማግስቱ ሲኞር ቱሊዮ ጎጆዋ ድረስ መጥቶ ነገሩን ለማንም እንዳታወራ አስጠነቀቃት። የጠፋ ልጅ እኮ አይደለም፤ ከአባቱ ጋር ነው አላት። ከተማውም እንደዚያው አለ። ባልና ሚስት ተጣሉ፣ አባት ልጁን ወሰደ፣ ምን አዲስ ነገር አለ። በጋው ሲያልቅ፣ ጥላዎቹ ታጥፈው ሲገቡ፣ ባሌስትራ ልጁን ይዞ ከጄኖቫ በመርከብ ወንድሙ ወዳለበት ወደ አርጀንቲና፣ ሮዛሪዮ ወደሚባል ከተማ እንደተሻገረ ተሰማ።

የሰበካው ቄስ አባ ኤሊዮ በዚያ ክረምት ሰው አስተባብረው የፒየሪናን የመርከብ መሳፈሪያ አሰባሰቡ። ዓሣ አጥማጁም፣ ጀላቲ ሻጩም፣ ዴርናም የየአቅማቸውን ሰጡ። ፒየሪናን ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጠርተው ሲነግሯት አመሰገነችና አልሄድም አለች።

"ሮጦ አቀፈው ብላለች" አለች፣ ዴርናን በአገጯ እያመለከተች። "እኔ እኮ እንቅልፉን ተኝቶ ሳለ ነው ከቤት ያወጣሁት። አባቱን ሲናፍቅ ኖሯል ማለት ነው፤ የሚመታው እኔን ነበር እንጂ እሱንማ... እንጃ። አሁን ደግሞ ሄጄ ልንጠቀው? አንድ ልጅ ስንት ጊዜ ይነጠቃል?"

  ዴርና ወንበሯ ላይ ተነቃነቀች፤ አፏን ከፈተች፤ የከተማው ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። አፏን መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ቀን በኋላ ሴቶቹ ፒየሪናን "ልበ ደንዳና" እያሉ ያሟት ጀመር።

ፒየሪና ከከተማው አልወጣችም። በበጋ አልጋ ታነጥፋለች፤ በክረምት ልብስ ታጥባለች። ክረምት ማሪና ዲ ፎሶን ሰው አያውቃትም። ጉም ከባሕሩ ተነሥቶ መንገዱን ይሞላዋል፤ አልቤርጎዎቹ ጣውላ ተመትቶባቸው ይዘጋሉ፤ የእንጨት ፈረሶቹ ሸራ ለብሰው ይቆማሉ። በዚያ ጉም ውስጥ ፒየሪና እየመጣች የዴርናን በር ታንኳኳለች። ወጥ ቤት ትቀመጣለች። ዴርና ቂጣ በአይብ ታቀርብላታለች፤ እሷ ግን ጫፉን ቆርሳ ትተወዋለች። ከዚያ "ንገሪኝ" ትላለች።

ዴርና ትነግራታለች። እንዴት እንደመጣ፣ ኮኩን እንዴት እንደበላ። አባቱ ሲመጣ እንዴት እንደሳቀ። መጀመሪያ እዚያ ላይ ታቆም ነበር። ፒየሪና ግን ፊቷን እያየች ትጠብቃለች፤ ዴርናም ባዶውን ለመሙላት ትጨምራለች። ትከሻው ላይ እንዳወጣው። ጀላቲ ግዛልኝ ብሎ እንደለመነው፣ የእንጆሪ። ውሸቱ በየክረምቱ ሥጋ እየለበሰ ሄደ፤ አንዳንዴ ዴርና ራሷ ያየችው ይመስላት ጀመር።

የዴርና ባል ሌአርኮ ጥላና በእግር የሚዘወሩ ጀልባዎች የሚያከራይ ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ቀን ፒየሪና ከወጣች በኋላ መረቡን እየጠገነ ቀና ሳይል፣ "እኔም አይቻቸው ነበር፤ በጥላዎቼ መሐል ነው ያለፉት። ልጁ አልሳቀም" አላት። ዴርና እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። ምን ላድርግ አለችው። "አሁን ብትነግሪያት ምን ትሆናለች? ዝም በይ። የያዝሽውን ያዢ" አላት።

የያዘችውን ያዘች። ሥራዋ ግን እንደ በፊቱ አልሆነም። የልጅ ስም በድምፅ ማጉያ መጥራት ተወች፤ "ቀይ ባርኔጣ ያላት ልጅ" ብቻ ትላለች። ሊወስድ የመጣውን ሰው በር ላይ አቁማ፣ የልጁ ጠባሳ የት ነው፣ ትናንት ማታ ምን በላ፣ እናቱ ማን ትባላለች እያለች ታደርቀዋለች። አንድ የሚላኖ አባት በንዴት ገፍትሯት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወድቃ ግንባሯ ተፈነከተ፤ ልጁን ግን እናትየው እስክትመጣ አልሰጠችም። ሲኞር ቱሊዮ ቤተሰቦች እያማረሩ ነው፣ አንቺ ጉምሩክ ነሽ እንዴ ብሎ ተቆጣት። ልታባርረኝ ትችላለህ አለችው፤ እንደሷ የሚጣራ ስላላገኘ ተዋት። የራሷን ልጅ ኒቬስን ደግሞ አሸዋውን አታስረግጣትም። ባሕር ዳር ተወልዳ መዋኘት ሳትችል አደገች። አሥራ ስምንት ሲሞላት ቦሎኛ ሄዳ ሥራ ያዘች፤ ከዚያ የምትመጣው ለገና ብቻ ሆነ።

ኒቬስ ገና ተማሪ ሳለች፣ ልጁ ከሄደ ከዘጠኝ ወይ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ጉዌሪኖ የሚባል የከተማው ተወላጅ እናቱን ሊቀብር ከሮዛሪዮ መጣ። እዚያ ፀጉር ቤት አለው፤ የጣሊያኑን ሁሉ ወሬ ያውቃል። ዴርና ቤት መጥቶ ወይን ጠጅ ሲቀዳለት፣ ፒየሪናም ያን ቀን በአጋጣሚ እዚያው ነበረች፤ ማንነቷን አላወቀም። ስለ ባሌስትራ የጠየቀው ሌአርኮ ነው። ጉዌሪኖ ከንፈሩን መጠጠ። ክፉ ሰው ነው አለ። ልጁን በቀበቶ እየገረፈ አሳደገው፤ አንድ ጆሮው አይሰማም ይላሉ። ባለፈው ዓመት ጠፍቶ ከቤት ወጣ፤ ወታደሮች አገሩን በያዙበት በዚህ ጊዜ ጎዳና ላይ ያለ ልጅ ምን እንደሚሆን እግዜር ይወቅ። ብርጭቆውን ጨርሶ ሄደ።

ሌአርኮ ሊሸኘው አብሮት ወጣ። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ፒየሪና እጆቿን ጭኗ ላይ አጋድማ ጠረጴዛውን ታያለች።

"ፒየሪና" አለች ዴርና።  "ሮጦ አላቀፈውም።"

"ምን አልሽ?"

"ፈርቶ ነበር። አባቱን ሲያይ ደርቆ ቀረ። ቁምጣው ላይ ሸና። ሲሄድ ዞሮ አየኝ። አይቼ ነው የሰጠሁት።"

 ከውጭ የሌአርኮ ሳል ይሰማል።

"ጀላቲስ?" አለች ፒየሪና።

"ጀላቲም የለም።"

"የእንጆሪ ነው ያልሽኝ። ፋውስቶ እንጆሪ አፉ አያደርስም፤ ሲበላ ገላው ያብጣል። እኔ ግን፣ ከአባቱ ጋር ሲሆን ወደደ ማለት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።" ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ደረቅ ነው። "ያንን ስም ስለጠራሽ አልፈርድብሽም። ሥራሽ ነው። አባ ኤሊዮ መሳፈሪያዬን ይዘው አዳራሹ ውስጥ ሲቆሙ ግን እፊቴ ተቀምጠሽ ነበር።"

"ነበርኩ።"

ፒየሪና ተነሥታ የጠጣችበትን ብርጭቆ አጠበች፤ አደረቀች፤ ቦታው መለሰች። ሻርፗን ለብሳ ወጣች። ዴርና ተከትላት እስከ በሩ ሄደች፤ ጉሙ ውስጥ የእግሯ ኮቴ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ወር ሳይሞላ ፒየሪና ሄደች። ለማንም አልተሰናበተችም። አባ ኤሊዮ ያን ጊዜ ሞተዋል፤ መሳፈሪያዋን ራሷ ሠርታ ይሁን ተበድራ የሚያውቅ የለም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ወታደሮቹ አርጀንቲና ውስጥ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ጉዌሪኖ አርጅቶ ለመጨረሻ ጊዜ አገሩን ሊያይ መጣ። ዴርና ራሷ ሄዳ ጠየቀችው። አዎ፣ አግኝታዋለች አላት። ዓመታት ፈልጋ፣ በየሕፃናት ማሳደጊያው፣ በየእስር ቤቱ በር ቆማ፣ በመጨረሻ ወደቡ ላይ ጆንያ ሲሸከም አገኘችው። ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ይጠጣል፤ ብዙ አይናገርም። እናትህ ነኝ ስትለው እናቴ ጥላኝ ነው የሄደችው አላት። እሱ የሚኖርበት መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱን ያመጣላታል፤ አጥባ ተኩሳ ትሰጠዋለች።

"እማዬ ይላታል?" አለች ዴርና።

"የለም። ሲኞራ ነው የሚላት።"

 ስለ እኔ ምንም አላለችም ወይ አለችው።

"ስምሽን አንሥቼባት ነበር" አለ ጉዌሪኖ። "ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፤ መተኮሷን ቀጠለች።"

ዴርና ከዚያ በኋላ ሁለት በጋ ሠራች። ድምጿ ሰለለ፤ ሐኪሙ ተይው አላት፤ ሲኞር ቱሊዮ በቦታዋ አንዲት ወጣት አስገባ። ሌአርኮ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ኒቬስ ባሏንና የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ በነሐሴ መጣች፤ ልጁ ባሕር ማየት አለበት አለች። ዴርናን አሸዋው ላይ ወንበር ዘርግተው አስቀመጧት። ኒቬስና ባሏ ውሃው ጠርዝ ድረስ ሲወርዱ ልጁን አደራ አሏት፤ የእጁን አንጓ ያዘችው። ሰው ያልፋል፣ ይመለሳል፤ ጫማ ያደረገ ሰው ሲያልፍ አንገቷን አዙራ እስኪርቅ ታየዋለች።

"አያቴ፣ ያመኛል" አለ ልጁ።

ለቀቅ አደረገችው። አንጓው ላይ የጣቶቿ ቀይ ምልክት ቀርቷል። ልጁ እያሻሸው ባልዲውን ሊያነሣ ሲጎነበስ፣ መልሳ ያዘችው።